ሦስት ሰፈር በአንድ መዶሻ ሥር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በቅርቡ ስለ ኡራል ተራሮች ዘጋቢ ፊልም አይቼ ነበር። ቪሲም የምትባል መንደር አሳዩና ፋብሪካ የቆረቆራት እንደሆነች፣ ሕዝቧም በሦስት ሰፈር የተከፈለ እንደነበር ተናግረው አለፉ። ሰዎቹ ገበሬ አይደሉም፣ ከተሜም አይመስሉም። ከየት መጡ? ፋብሪካው ከቆመ በኋላስ ለምን አልተበተኑም? ሄዶ ማየትስ ይቻላል?
ትዕግሥት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ትዕግሥት ልጄ፣ ተናግረው ያለፉት ነገር እኮ ዋናው ጨዋታ ነው። እዚያ አገር መንደር አድጎ ፋብሪካ አልተተከለበትም፤ ፋብሪካው ተተክሎ ሰው ተለቅሞ መጣለት። ማን ከየት እንደሚመጣ የሚወስነውም ባለ ፋብሪካው ነበር።

ባለ ፋብሪካዎቹ ዴሚዶቮች ናቸው። አባትየው ኒኪታ የቱላ ከተማ ጠመንጃ ሠሪ ነበር። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ከስዊድን ጋር ጦርነት ላይ ስለነበር፣ መድፍና ጥይት ያቀርብልኛል ብሎ በ1702 ኡራል ያለውን የኔቭያንስክን የብረት ፋብሪካ ሰጠው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ልጁ አኪንፊ ደግሞ የሚገደብ ወንዝ ባገኘበት ሁሉ ፋብሪካ እየተከለ ሄደ። ቪሲምን በ1741 የቆረቆራት እሱ ነው።

በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጠውን ትልቅ መዶሻ የሚያነሣውም፣ ወናፉን የሚነፋውም ውሃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ግድብ ይሠራል፣ ከግድቡ ሥር ፋብሪካው ይቆማል፣ ቤቶቹ በኩሬው ዙሪያ ይደረደራሉ። መዶሻው ዘንድ የሚቆመው ሰው ግን ትንሹ ነው። ብዙው ጫካ ውስጥ ነው፤ እንጨት ይቆርጣል፣ ከሰል ያከስላል፣ በፈረስ ያመላልሳል። አንድ ፋብሪካ ያን ሁሉ ሰው የሚፈልገው ለዚህ ነው።

የተሠራው ብረት በረዶው ሳለ በተንሸራታች ጋሪ ተጭኖ ቹሶቫያ ወንዝ ዳር ወዳለው የኡስት-ኡትካ ወደብ ይወርዳል። ወንዙ ሌላ ጊዜ ለከባድ ጀልባ አይበቃም። በረዶው ሲቀልጥ ከላይ በሬቭዳ ያለው የፋብሪካ ግድብ ይከፈትና የተለቀቀው ውሃ ጀልባዎቹን አንሥቶ ይነጉዳል። ጀልባው ያን ውሃ ካመለጠው የዓመቱ ብረት ቀረ ማለት ነው። በየመታጠፊያው ደግሞ ገደል አለ፤ ሰዎቹ እነዚያን ገደሎች «ተዋጊ» ይሏቸዋል፤ ጀልባ የሚሰብሩ ናቸውና። ከዚያ የተረፈው በካማና በቮልጋ ወንዞች በኩል ሄዶ እስከ እንግሊዝ ይሸጥ ነበር።

ሰዎቹ ጋ እንምጣ። የመጀመሪያው ሰፈር የከርዣኮች ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓትርያርክ ኒኮን የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ሲያሻሽል፣ «በሦስት ጣት አናማትብም፣ አባቶቻችን ያማተቡት በሁለት ጣት ነው» ብለው ከተሰደዱት ወገን ናቸው። ስማቸው ከርዤኔትስ ከሚባለው የቮልጋ አካባቢ ወንዝ የመጣ ነው። መንግሥት ያሳድዳቸዋል፤ ዴሚዶቭ ደግሞ የማይጠጣና ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። አየሽ፣ ተስማሙ። እኔ በደርግ ጊዜ ሞስኮ የብረታ ብረት ምሕንድስና ስማር ለቪሲም ከምትቀርበው ከተማ ከኒዥኒ ታጊል የመጣ የዶርም ጓደኛ ነበረኝ፤ አያቱ ከርዣክ ናቸው። ከእምነታቸው ውጭ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ኩባያ ለብቻው መደርደሪያ ላይ ነበራቸው፤ የሠፈሩ ፖስተኛም ይምጣ የወረዳው ሹም፣ ውሃ የሚሰጡት በዚያ ነው። «አንተ ብትሄድ ኦርቶዶክስ ነኝ ብለህ ትከራከር ነበር፤ ኩባያው ግን ያው ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ሄጄ እንዳልከራከር ደግሞ ታጊል ያለችበት ስቨርድሎቭስክ ክፍለ ሀገር ያኔ ለውጭ ዜጋ ዝግ ነበር።

ሁለተኛው ሰፈር ዴሚዶቮች ከትውልድ አገራቸው ከቱላ ያስመጧቸው ገባሮች ነው። ሦስተኛው ኋላ ከቼርኒጎቭ የተወሰዱት ዩክሬናውያን ናቸው፤ ኾኾሎች ይሏቸው ነበር (ዛሬ ዩክሬናዊውን እንዲህ ብትዪው ይቀየምሻል)። እነዚህ እርሻ የለመዱ ሰዎች ናቸው። እንደ ዕቃ ተጭነው እህል በማይበስልበት ብርድ ውስጥ መዶሻ አስያዟቸው። በንግግር፣ በልብስ፣ በሠርግ ወግ ሦስቱ ሰፈሮች ለየቅል ነበሩ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ባብዛኛው በአንድ ሰው ብዕር ነው። ደራሲው ማሚን-ሲቢርያክ በ1852 የተወለደው እዚያው ቪሲም ውስጥ፣ ከፋብሪካው ቄስ ቤት ነው። ገባሮቹ በ1861 ነፃ ሲወጡ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ያደገበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

አሁን «ለምን አልተበተኑም?» ላልሽው። ነፃነቱ ለገበሬው ከእርሻ መሬት ጋር ሲመጣ፣ የፋብሪካ ሰው ግን የደረሰው ቤቱ፣ ጓሮውና የሣር ማጨጃው ነው። ነፃ ነህ ተባለ፤ የት ይሂድ? እንጀራው ያው መዶሻው ዘንድ ነው። ከቱላና ከቼርኒጎቭ በመጡት ዘንድ ለም መሬት ፍለጋ እንሰደድ የሚል ወሬ ይናፈስ እንደነበር ማሚን ጽፎታል። ከርዣኮቹ ግን ንቅንቅ የሚሉ አልነበሩም፤ ጫካው ለእነሱ መሸሸጊያ እንጂ ግዞት አይደለም። እኔ በበኩሌ መንደሯን ያቆየው ፋብሪካው ነው ብዬ አላምንም። ላሟ፣ ድንቹና ድርቆሹ ናቸው።

ደግሞ ሌላ እንጀራ ተገኘ። በ1825 እዚያው አጠገብ ሱኾይ ቪሲም በሚባል ወንዝ ፕላቲነም ወጣ። ሩሲያ ከ1828 እስከ 1845 የ3፣ የ6 እና የ12 ሩብል የፕላቲነም ሳንቲም የመታችው በኡራል ፕላቲነም ነው። በእንጨት ከሰል የሚሠራው የኡራል ብረት በአገሪቱ ደቡብ በድንጋይ ከሰል የሚሠራውን መወዳደር ሲያቅተው፣ የቪሲም ሰው አካፋና ወንፊት ይዞ ወንዝ ወረደ፤ ሌላው እንጨት ቆረጠ።

አልተበተኑም ስልሽ ግን ቁጥሩ አልቀነሰም ማለቴ አይደለም። ዛሬ ቪሲም ትንሽ መንደር ናት። ወጣቱ መጀመሪያ ወደ ኒዥኒ ታጊል ይሄዳል፤ ታጊል ራሷም በ1989 ቆጠራ ወደ 440 ሺህ የነበረው ሕዝቧ በ2021 ወደ 340 ሺህ ወርዷል። የሦስቱ ሰፈር ልጆችም ከተጋቡ ቆይተዋል።

መሄድ ይቻላል፤ ክልሉ ከተከፈተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መንደሯን ከታጊል ጋር ያገናኝ የነበረው ጠባቡ ባቡር ቆሟል፣ ስለዚህ ከክልሉ ዋና ከተማ ከየካተሪንቡርግ ወደ ታጊል፣ ከታጊል በመኪና ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። በሐምሌ ብትሄጂ ይሻልሻል፤ ትንኙን ግን ቻዪው። የግድ በጥር ከሆነ ካፖርት ከዚህ ገዝተሽ አትልፊ፣ እዚያው ግዢ።