መልስ፦ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ድሮ ስልክ እንዴት ይደውሉ ነበር?

ከቪዲዮ ጥሪ በፊት እንዴት ይደዋወሉ እንደነበር ለጠየቅከው፣ አሜሪካ ውስጥ በጽሑፍ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዋይትብሬክት የሚባል፣ ራሱም መስማት የተሳነው የፊዚክስ ባለሙያ፣ ቴሌታይፕ ማሽንን (በርቀት የሚጻጻፉበት የጽሕፈት መኪና መሰል ማሽን) ከተራ ስልክ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ሠራ። የስልኩን እጀታ መሣሪያው ላይ ታስቀምጣለህ። የምትጽፈው ወደ ድምፅ ተቀይሮ ይሄድና እዚያ ማዶ እንደገና ፊደል ይሆናል። ሁለታችሁም ባንዴ ከጻፋችሁ ስለሚደበላለቅ ተራህን ስትጨርስ "ጂ ኤ" ብለህ ትጽፋለህ፤ ቀጥል ማለት ነው። ማሽኑ ታዲያ ኪስ የሚገባ እንዳይመስልህ!

ለኔ ትልቁ ለውጥ ግን ቪዲዮ ነው። ለብዙዎቹ የሚቀናቸው የምልክት ቋንቋ ነዋ። አዲስ አበባም ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው በቴሌግራም የሚያወራ ታያለህ። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ምልክቱ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ያኔ ወደ ቴክስት መመለስ ነው።