ስድስቱ አምስት ሲሆን ምን ጎደለ?

ጥያቄ፦ ኢተሬን (የኢቴሪየም ኔትወርክ ገንዘብ) ለትርፍ ከሚያስይዝልኝ ከሊዶ፣ በደረሰኝ መልክ ያገኘሁት 6 ኤስቲ-ኢተር የተባለ ቶክን ነበረኝ። የዋናው ኢቴሪየም የጋዝ ክፍያ (ለእያንዳንዱ ዝውውር የሚከፈለው) ስለከበደኝ አርቢትረም ወደሚባለው፣ ክፍያው ቀለል ወዳለ ኔትወርክ ላሻግረው ስል መጀመሪያ መጠቅለል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ቶክን መቀየር፣ እንዳለበት ተነገረኝ። ጠቅልዬ ባየው 5 ሆነ። እንደዚያው አሻገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፤ ድሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምር ነበር። አንድ ኢተር ጠፋብኝ ማለት ነው? ትርፉስ ቆመ? አሁን ደግሞ ፖሊጎን ወደሚባለው ሌላ ኔትወርክ ልወስደው አስቤያለሁ፤ ምን ይሉኛል?

መልስ፦ አይዞዎት፤ ምንም አልጎደለብዎትም።

ኤስቲ-ኢተር የሚያድገው በቁጥር ነው። የስቴኪንጉ (ኢተሩን የማስያዙ) ትርፍ በታሰበ ቁጥር ዋሌትዎ (ዲጂታል ቦርሳዎ) ውስጥ ያለው መጠን ራሱ ከፍ ይላል። ድልድይ ላይ፣ ማለትም ቶክን ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላ በሚያሻግረው አገልግሎት ላይ፣ ግን ይህ ጠባይ አያዋጣም። ድልድዩ የሚያውቀው ሲሻገሩ የቆለፈውን ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ በኋላ የሚወለደው ትርፍ ሳይሻገር መነሻው ላይ ሊቀር ይችላል። መጠቅለል ያስፈለገው ለዚህ ነው። የተጠቀለለው ቶክን ቁጥሩ ባለበት ይቆማል፣ የሚጨምረው የእያንዳንዱ ዋጋ ነው። እርስዎ በጠቀለሉበት ቀን አንዱ 1.2 ኤስቲ-ኢተር ያወጣ ነበር፤ 5 ጊዜ 1.2 ያው 6 ነው። ምጣኔው 1.21 ሲደርስ ፈትተው ወደ ኤስቲ-ኢተር ቢመልሱት 6.05 ያገኛሉ። ዋሌትዎ ግን እስከዚያው ድረስ 5 እንዳለ ያሳይዎታል።

ኢተሮቹ እኮ አልተጓዙም። አሁንም በዋናው ኢቴሪየም ላይ አረጋጋጮቹ (የኔትወርኩን ግብይት የሚያረጋግጡት) ዘንድ ናቸው፤ ከትርፉ 10 በመቶው ተቀንሶ ቀሪው ለእርስዎ ይታሰባል። የተሻገረው ደረሰኙ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የፖሊጎኑ ሐሳብዎ ነው። አሁን እጅዎ ላይ ያለው የደረሰኝ ደረሰኝ ነው፤ የመጀመሪያውን የሰጠዎት ሊዶ፣ ሁለተኛውን ድልድዩ። አበዳሪ መተግበሪያ ውስጥ ቢያስገቡት ሦስተኛ ይጨመርበታል። አንዱ ከተበጠሰ የሌሎቹ ደህንነት አያድንዎትም። የካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ዎርምሆል በተባለው ድልድይ አንድ አጥቂ ከኋላው ምንም ያልተቀመጠለት 120,000 የተጠቀለለ ኢተር ሶላና በተባለ ሌላ ኔትወርክ ላይ ፈጠረ። ያኔ ከጀርባው የነበረው ድርጅት ከኪሱ ተካው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኖማድ የተባለው ድልድይ ወደ 190 ሚሊዮን ዶላር ሲዘረፍ ግን እንዲያ የሚተካ አልተገኘም።

ከአርቢትረም ወደ ፖሊጎን በቀጥታ የሚወስዱት ድልድዮች የሦስተኛ ወገን ናቸው። በአርቢትረም በራሱ ድልድይ ወደ ዋናው ኢቴሪየም መመለስ ደግሞ 7 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስቴኪንጉን ፈትቶ ኢተሩን ማውጣትም የሚቻለው እዚያው ዋናው ላይ፣ ወረፋ ተይዞ ነው። ቸኩለው እዚያው ማዶ ገበያ ላይ ልሽጥ ካሉ፣ ገዢው ሲሳሳ ዋጋው ከሚወክለው ኢተር በታች ሊወርድ ይችላል። ሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) በዋናው ኢቴሪየም ላይ እንኳ ኤስቲ-ኢተር ከኢተር 5 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተሽጧል።

እኔም አንድ ጊዜ የተጠቀለለውን ይዤ ፖሊጎን ገብቼ ነበር። ቶክኑ ደርሶ ዋሌቴ ላይ ይታየኛል፤ ልሸጠው ስል የመላኪያው ቁልፍ ደብዝዞ አልጫን አለኝ። ለካ እዚያ የጋዝ ክፍያ የሚከፈለው ፖል በሚባለው የፖሊጎን የራሱ ቶክን ነው፣ እኔ ደግሞ አንድም ፖል አልያዝኩም። ጥቂት ከሰው እስካገኝ ሁለት ቀን ዋጋው ሲወርድ ቁጭ ብዬ አየሁ። አርቢትረም ላይ ጋዙ ራሱ ኢተር ስለሆነ ይህ ችግር አልገጠመዎትም።

ስለዚህ ፖሊጎን ላይ ብቻ የሚያገኙት ነገር ከሌለ ባሉበት ይቆዩ እላለሁ። ግድ ከሆነብዎ ፖሉን አስቀድመው ይያዙ፤ ከዚያ የቶክኑን የኮንትራት አድራሻ (ቶክኑ በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን የፊደልና የቁጥር መለያ) ከሊዶ የራሱ ገጽ ላይ አውጥተው፣ ድልድዩ ከሚሰጥዎት ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። በአንድ ስም የሚጠሩ፣ በተለያየ ድልድይ የመጡ ቶክኖች አሉና። የማይገጥም ከሆነ አይላኩ።