ፈረንሳይኛን ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ለገባችሁ

ልጆቼ፣

ፈረንሳይኛን ወዳችሁ የመረጣችሁ አላችሁ፤ ሌላ ትምህርት ክፍል ስትጠብቁ እዚህ የተመደባችሁም አላችሁ። ይህን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው። በቅድሚያ የሰዓቱን ሒሳብ እናንሳ፤ ተማሪው ያለጊዜው ተስፋ የሚቆርጠውም፣ ያለጊዜው የሚዝናናውም ይህን ሒሳብ ሳያውቅ ሲቀር ነውና።

ከዜሮ ተነስቶ ቢ2 የሚባለው ደረጃ ለመድረስ በተለምዶ ከ560 እስከ 650 ሰዓት የክፍል ትምህርት እንደሚፈጅ ይገመታል። ቢ2 ማለት ጋዜጣ አንብባችሁ በሐሳብ መከራከር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም በፈረንሳይኛ የሚሰጥ ትምህርት መከታተል የምትችሉበት ደረጃ ነው። ከቢ2 ቀጥሎ ያለው ደረጃ፣ ሲ1፣ ከ800 ሰዓት በላይ ይጠይቃል። በሳምንት 8 ሰዓት ለ30 ሳምንታት ብትማሩ በዓመት 240 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ ምዝገባው፣ በዓሉና የፈተናው ሰሞን የሚወስዱትን ቀንሱ። በግላችሁ በቀን 45 ደቂቃ በዓመት ለ300 ቀናት ከሠራችሁ ግን 225 ሰዓት ይሆናል። ከክፍሉ ጋር የሚተካከል ሌላ ክፍል ለራሳችሁ ከፈታችሁ ማለት ነው። ሁለት ተማሪዎች እኩል ገብተው በአራተኛው ዓመት የሚለያዩት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

እነዚያን 45 ደቂቃዎች መጀመሪያ ለጆሮ ስጧቸው። ፊደላችን ብዙ ድምፅ ቢይዝም ፈረንሳይኛን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። «ደሱ» ብዬ ብጽፍላችሁ «ከላይ» ልበል «ከታች» አታውቁም፤ ሁለት ቃላት ናቸው፣ የሚለያያቸውም አንድ አናባቢ ነው። «ከታች» የሚለው የእኛው ኡ አለው። «ከላይ» የሚለውን ለማውጣት ኢ በሉና ምላሳችሁን እዚያው አቆዩት፤ ምላሱ ሳይነቃነቅ ከንፈራችሁን ብቻ ኡ እንደምትሉ አሹሉ። መስታወት ፊት በቀን አምስት ደቂቃ ለአንድ ወር ብትሠሩት ይለምዳል። ይህ አናባቢ «አንተ» እና «ሁሉ» የሚሉትንም ይለያልና ችላ የሚባል አይደለም።

በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች ሌላው ችግር ናቸው። «መታጠቢያ»፣ «አግዳሚ ወንበር» እና «ጥሩ» የሚሉት ሦስት ቃላት በአንድ ተነባቢ ጀምረው በእንዲህ ያለ አናባቢ ያልቃሉ፤ የእኛ ተማሪ መጨረሻቸው ላይ ን ጨምሮ ሦስቱንም ያቀራርባቸዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቃሉ ሲያልቅ የምላሳችሁ ጫፍ የላይኛውን ድድ ከነካ ን ብላችኋል ማለት ነው። መንካት የለበትም። ሦስተኛው ማጥበቅ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ፊደላት ተከታትለው ስናይ እናጠብቃለን፤ ፈረንሳይኛ ግን አያጠብቅም ማለት ይቻላል። «አሌ» (መሄድ) በሁለት ፊደል ይጻፋል እንጂ የሚነገረው «ተናገረ» ለማለት «አለ» እንደምንለው ላልቶ ነው፤ «ይገኛል» ለማለት እንደምንለው ጠብቆ አይደለም። በሌላ በኩል ኝ እና ዥ ከልጅነታችን አፋችን ላይ ያሉ ናቸው። «ሞንታኝ» (ተራራ) እና «ዡር» (ቀን) ሌላው ዓለም የሚደክምባቸው ቃላት ሲሆኑ ለእናንተ ችግር አይሆኑም።

ለማዳመጥ የምመክረው ኤር ኤፍ ኢ የተባለው የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ በየቀኑ የሚያቀርበውን የ10 ደቂቃ ዜና ነው፤ ጽሑፉ አብሮት ይወጣል። በመጀመሪያ ጽሑፉን ሳታዩ ሙሉውን አንድ ጊዜ ስሙት። ቀጥሎ አንዷን ደቂቃ ብቻ መርጣችሁ እያቆማችሁ የሰማችሁትን በእጃችሁ ጻፉ። ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያዩና ስህተታችሁን በቀይ አርሙ። በመጨረሻ ያችኑ ደቂቃ ከአንባቢው ጋር እኩል ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ቀዩን ቀለም ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ያልሰማችሁት፣ ሰምታችሁ የማታውቁት ቃል፣ አውቃችሁት በፊደል የሳታችሁት። የመጀመሪያው ብዙ ከሆነ ድምፅ ላይ ሥሩ፤ ሁለተኛው ከበዛ አንብቡ፤ ሦስተኛው ከበዛ ሰዋስው ይቀራችኋል። አብዛኛው ተማሪ ይህን ሳይለይ ስለሚያጠና የደከመበት ነገር የጎደለው ነገር አይሆንም።

ቃላት ሲያያዙ ድምፃቸው እንደሚቀየርም ቀድማችሁ እወቁ። «ሌ ዛሚ» ሲባል የሰማ ጀማሪ መዝገበ ቃላት ውስጥ በዜድ «ዛሚ»ን ይፈልጋል፤ ቃሉ «አሚ» (ጓደኛ) ነው፣ ዛው ከፊቱ ካለው ቃል የመጣ ነው። ደግሞም «እናገራለሁ»፣ «ትናገራለህ» እና «ይናገራሉ» ሦስቱም ለጆሮ «ፓርል» ናቸው፣ ሲጻፉ ግን ይለያያሉ። የቃል ጽሕፈት አድካሚም ቢሆን የማይቀር የሆነው ለዚህ ነው።

ስለ እንግሊዝኛ አጥብቄ ልናገር። ከእንግሊዝኛ በኩል ወደ ፈረንሳይኛ የምትሻገሩት ልምድ በመጀመሪያው ሰሚስተር ይረዳችኋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ያስራችኋል። «አሲስቴ» በዋናነት መገኘት፣ መታደም ነው እንጂ የእንግሊዝኛው መርዳት አይደለም፤ «ሊብሬሪ» መጽሐፍ መሸጫ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት አይደለም፤ «አክቱኤልማን» አሁን ማለት ነው። እንዲህ ያሉትን በዝርዝር ታገኟቸዋላችሁ። ዋናው ጉዳት ግን አረፍተ ነገሩ ላይ ነው። አማርኛ «ገባ»፣ «ወጣ»፣ «ወረደ» ብሎ አቅጣጫውን ግሱ ውስጥ ያስገባል፤ ፈረንሳይኛም «አንትሬ»፣ «ሶርቲር»፣ «ዴሳንድር» ይላል። እንግሊዝኛ ሂድ ብሎ ውስጥ፣ ውጭ፣ ታች ይጨምርበታል። አክብሮትንም ከአማርኛ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ አንተና እርስዎ የሚለው ልዩነት ደማችሁ ውስጥ ስላለ «ቱ» እና «ቩ» ማንንም ተማሪ ባላስጨነቁት ነበር፣ በእንግሊዝኛ ካላሰበ። ስለዚህ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የፈረንሳይኛ-ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ብቻ ተጠቀሙ።

አማርኛም የሚያሳስትበት ቦታ አለ። «መጣሁ» ብለን «እኔ»ን መተው እንችላለን፤ ፈረንሳይኛ ባለቤቱን መጥራት ግድ ነው። «ሰጠሁት» ስንል ተሳቢው ግሱ መጨረሻ ላይ ይጣበቃል፤ በፈረንሳይኛ ከግሱ በፊት ይቆማል። ጾታም እንዲሁ። እኛ ትንሽ የሆነውን ወይም የወደድነውን በሴት አንቀጽ ልንጠራ እንችላለን፣ ፈረንሳይኛ ግን ለእያንዳንዱ ስም የጸና ጾታ ሰጥቶታል። ስምን ብቻውን አትያዙ፤ ከነመስተአምሩ፣ ማለትም ከፊቱ ከሚቆመው «ለ» ወይም «ላ» ጋር ያዙት። በ«ስዮን» የሚያልቁት ሴት ናቸው ማለት ይቻላል፤ በ«አዥ» የሚያልቁት ወንድ፣ «ኢማዥ»፣ «ፕላዥ» እና «ፓዥ»ን የመሳሰሉት ጥቂቶች ሲቀሩ።

ከቢ2 በፊት ካለው ደረጃ፣ ከቢ1፣ ወደ ቢ2 የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፣ ብዙዎች የሚቆሙትም እዚያ ነው። ይግባባሉ፣ ዜና ይገባቸዋል፣ እድገታቸው ግን አይታያቸውም። ከዚያ የሚያወጣው መጻፍ ነው። በሳምንት አንድ ባለ 250 ቃል ጽሑፍ ጻፉ፣ መምህር ወይም ጎበዝ ጓደኛ ያርመው፣ ከዚያ፣ ይህ ነው የሚረሳው፣ ከነእርማቱ እንደገና ሙሉውን ገልብጡት። ያልተገለበጠ እርማት አይያዝም።

የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ የአጻጻፍ ሥርዓት የራሱ ነው። «ዲሴርታስዮን» የሚባለው ጽሑፍ መግቢያው ውስጥ ሦስት ነገር ይጠብቃል፦ ወደ ጉዳዩ የሚያስገባ አንድ ሁለት አረፍተ ነገር፣ ጽሑፉ የሚመልሰውን ጥያቄ፣ ጽሑፉ የሚከተለውን ቅደም ተከተል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ይከተላል። የእኛ ተማሪ የሚወድቀው አስተያየቱን በመጀመሪያው መስመር ተናግሮ እስከ መጨረሻው እሱኑ በማጠናከር ነው። መምህሩ የሚፈልገው ተቃራኒውን ሐሳብ በሙሉ ኃይሉ አቅርባችሁ፣ ከዚያ ወዴት እንዳለፋችሁ ነው። አራት ሰዓት ከተሰጣችሁ አንዱን ለዕቅድ ስጡት፤ መግቢያና መደምደሚያን ብቻ በረቂቅ ጻፉ፣ ሌላውን በቀጥታ። ነጥቡ ከ20 ነው፤ 10 ያሳልፋል፣ 12 ደህና፣ 14 ጥሩ፣ 16 በጣም ጥሩ ይባላል። ከመቶ የለመደ ተማሪ 13 አግኝቶ ሲያዝን ታያላችሁ፤ ማዘን የለበትም።

ባህሉን በተመለከተ ፓሪስ ላይ አትቁሙ። ለእኛ ቅርቡ ፈረንሳይኛ ጅቡቲ ነው፤ ፈረንሳይኛና አረብኛ የመንግሥት ቋንቋዋ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ደግሞ የቤቷ ናቸው። በሕዝብ ብዛት ትልቁ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከተማ ኪንሻሳ ነው። 70 እና 90 ቁጥሮች ቤልጂየም፣ ስዊዘርላንድና ኮንጎ ውስጥ ፓሪስ ከሚባሉት በተለየ «ሴፕታንት» እና «ኖናንት» ይባላሉ። በካናዳዋ ኩቤክ ውስጥ «ዴዠኔ» ቁርስ ነው፣ ፓሪስ ውስጥ ምሳ፤ ቀጠሮ የሚያፋልስ ልዩነት ነው። አቢጃን ውስጥ «ማኪ» ምግብ ቤት ነው። በሴኔጋል ነዳጅ ማደያው «ኤሳንስሪ» ይባላል፤ ጥሩ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ ፈረንሳዮቹ ባይሉትም። ሴኔጋልን ለ20 ዓመት የመራው ገጣሚ ሴንጎር በ1983 እ.ኤ.አ. የቋንቋው ጠባቂ የሆነው የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመርጧል፤ አልጄሪያዊቷ ደራሲ አሲያ ጀባር ደግሞ በ2005። ሁለቱም ቋንቋውን ከቅኝ ገዥ ተቀብለው የራሳቸውን ነገር የተናገሩበት ናቸውና ከፈረንሳዮቹ ጎን አንብቧቸው።

ቋንቋው በአፍሪካ ያለበትን ሁኔታም ሳትሸሹ እወቁ። ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. ትምህርቷን ወደ እንግሊዝኛ አዙራለች። ማሊ በ2023 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ፈረንሳይኛን ከመንግሥት ቋንቋነት ወደ ሥራ ቋንቋነት አውርዳለች፤ በ2025 ደግሞ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ማኅበር ከሆነው ከፍራንኮፎኒ ድርጅት እንደሚወጡ አስታውቀዋል። ይህን የማያውቅ የፈረንሳይኛ ምሩቅ ወደ ማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ቢላክ ምን እንደሚናገር አያውቅም።

በአገራችን ታሪክም ሰፊ ያልተሠራ ሥራ አለ። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱ የውጭ ደብዳቤ፣ የባቡሩና የአዲሱ ትምህርት ቤት ቋንቋ ነበር፤ ከ1941 እ.ኤ.አ. በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ ስለ አንድ የፓሪስ ልብ ወለድ ሃያኛውን ትንታኔ ከመጻፍ፣ ከ1913 ጀምሮ አዲስ አበባ ይታተም የነበረውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ አንድ ዓመት ወስዳችሁ ብትመረምሩ የሚጠቅም ነገር ታገኛላችሁ። በአዲስ አበባ ያለው የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር ቅድሚያ የሚጎበኙ ናቸው።

ሥራን በሚመለከት፣ ፈረንሳይኛ ብቻውን የሚቀጥረው ሰው ጥቂት ነው። የአፍሪካ ኅብረት አዲስ አበባ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን እዚያ የሚተረጎመው በዋናነት በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በአረብኛና በፖርቱጋልኛ መካከል እንጂ ከአማርኛ አይደለም። ተርጓሚም የሚሠራው ወደ ጠነከረበት ቋንቋ ነው። ይህ ማለት እንግሊዝኛችሁ ከሌላው ተወዳዳሪ እኩል ሊጠራ ይገባል፤ በሁለቱም ቋንቋ ካደጉ የካሜሩን ልጆች ጋር ትፎካከራላችሁና። ፈረንሳይኛን ከሌላ ሙያ ጋር ለሚያጣምር ግን በር ብዙ ነው፦ የጅቡቲ ወደብን የሚያውቅ ትራንዚተር፣ ቻድ ወይም ኮንጎ የሚላክ የእርዳታ ድርጅት የሎጂስቲክስ ሠራተኛ ወይም ነርስ፣ ዳካርና አቢጃን የሚበር አየር መንገድ ሠራተኛ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አስጎብኚ። ሁለተኛውን ሙያ በሁለተኛው ዓመት ምረጡት፤ የአራተኛው ዓመት የልምምድ ቦታ ፍለጋ ላይ ስትደርሱ ይዛችሁት እንድትገኙ።

ዲግሪያችሁ ላይ ዴልፍ ቢ2 የተባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ የምስክር ወረቀት ጨምሩ። ውጤቱ ከ100 ነው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው 25 ይይዛሉ። ለማለፍ 50 በቂ ነው፣ ግን ከአንዱም ከ5 በታች ካገኛችሁ ድምሩ ስንትም ቢሆን ትወድቃላችሁ። የተጠላ ክፍል መተው የማይቻለው ለዚህ ነው። የጽሑፉ ፈተና ቢያንስ 250 ቃል ነው፤ በሁለት ባዶ ቦታ መካከል ያለ ሁሉ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራልና ስትለማመዱ በዚያው ስሌት ቁጠሩ። ዴልፍ ጊዜ አያልፍበትም፤ ቲ ሲ ኤፍ የሚባለው ፈተና ግን ለሁለት ዓመት ብቻ ይሠራል። ለፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ የምታቀርቡት ማመልከቻ ገና ሩቅ ከሆነ ዴልፍ ይሻላል።

ለዴልፍ ስትመዘገቡ ስማችሁ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የፈረንሳይ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ የለንም። ፓስፖርታችሁ ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከገባ፣ ዴልፉም፣ ትራንስክሪፕቱም፣ ማመልከቻውም በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ይሁን። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ቤተሰብ ስም ሆኖ ከተገኘ የሁለት ሰው ወረቀት ይመስላል። የትውልድ ቀንም እንዲሁ፤ ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የተወለዳችሁ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የተወለዳችሁ 8 ዓመት ነው የሚጨመረው። ፓስፖርት ያላወጣ ካለ፣ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ያውጣ፤ ፈተናውን ከዚያ ቀጥሎ ይመዝገብ።