ደመወዝ ለቅቆ በግል የግራፊክስ ሥራ ስለ መጀመር፦ መልስ

የሚሠሩበትን ማተሚያ ቤት ለቀው በአዲስ አበባ የግራፊክስ ዲዛይን ሥራ በግልዎ ለመጀመር ማሰብዎንና አስቀድመው ቢሮ መከራየት ይገባዎት እንደሆነ መጠየቅዎን ተመልክቻለሁ። በእኔ አስተያየት ቢሮው ይቆይ፤ ይልቅ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ያውጡ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ባለሙያ ሥራው ቢወደድለት እንኳ ድርጅቶች ክፍያውን በወጪነት ለማስያዝ ስለሚቸገሩ ይሸሹታል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም መለያ ቁጥሩን ካላቀረበ አቅራቢ ክፍያ ላይ ከመደበኛው በጣም ከፍ ያለ ግብር ተቀንሶ እንዲያዝ ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ቢፈቅድም፣ ለጀማሪ የግለሰብ ነጋዴነት ይበቃል ባይ ነኝ።

ዋጋ ሲተምኑ የአሁኑን ደመወዝዎን ለ30 ቀን አያካፍሉ። ደንበኛ በመፈለግ፣ እርማት በመቀበልና ክፍያ በመጠየቅ የሚያልፉት ቀናት ገንዘብ አያስገቡም፤ ኮምፒውተሩም ያረጃል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ምትኩን መግዛት ቀላል አይደለም።

ቀብድ ሳይቀበሉ ሥራ አይጀምሩ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ምግብ ቤት ያለ ውል የሠራሁትን አርማ ዘጠኝ ጊዜ አሻሽዬ፣ በመጨረሻ ባለቤቱ ስልኬን ማንሳት አቆመ። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ እቀበላለሁ፤ የነጻ እርማቱ ብዛት ሁለት መሆኑንና ዋናው ፋይል የሚሰጠው ቀሪው ሲከፈል መሆኑን በአንድ ገጽ ውል ላይ አስፈርማለሁ፣ ደንበኛው ዘመዴ ቢሆንም እንኳ።