የዝናቡ ደብተር

በቀደም አንድ ልጅ «ቲቸር፣ 15 ዓመት ሙሉ ቁጥር ሲመዘግቡ መኖር ሥራ ነው እንዴ?» አለኝ። ናኖግራቭ ስለሚባለው፣ ፐልሳር የሚባሉ ኮከቦችን ምት ለ15 ዓመት እየመዘገበ የስበት ሞገድ ስለፈለገው የተመራማሪዎች ቡድን አንብቦ ነው። እኔን ግን የቆጨኝ ነገር ትዝ አለኝ።

ድሬዳዋ ማስተማር ስጀምር በትምህርት ቤቱ ጓሮ የዝናብ መለኪያ ነበረች። አንድ ሽማግሌ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በየጠዋቱ ውኃውን ወደ ብልቃጥ ይገለብጡና ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያነባሉ። ድሬ ደግሞ አብዛኛውን ቀን ጠብ አይልባትም። እሳቸው ግን ለዚያም ቀን በቀይ እስክሪብቶ «0» ይጽፋሉ። ስንስቅባቸው «ያልዘነበበት ቀንና ያልተጻፈ ቀን አንድ ነው?» ይሉናል። ጡረታ ሲወጡ ቢሮው ተጸዳ። ደብተሮቹ ለሱቅ መጠቅለያ ተሸጡ። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰፈሩን ሲጠርግ ያን መዝገብ ፈለግኩት፤ ከየት ይምጣ! ጎርፉ ከደጋው የወረደ ነው፣ ደብተር አያስቆመውም። ቢሆንም ያንገበግበኛል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ፐልሳር የሞተ ኮከብ ቅሪት ነው፤ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንዳንዱ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ ይሾራል፤ በዞረ ቁጥር የሬዲዮ ምቱ ይደርሰናል። የስበት ሞገድ፣ ማለትም ግዙፍ አካላት ሲዞሩ ሕዋን ራሱን የሚያረግብ ሞገድ፣ ሲያልፍ ምቱ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። አንዱ ሞገድ አልፎ እስኪያልቅ ዓመታት ይፈጃል። ታዲያ በሁለት ወር መዝገብ ምን ይታያል?

ምቱ የተዛባው በሞገዱ መሆኑ በምን ይለያል? በባቡር ላስረዳ፤ ከአዲስ አበባም ከጅቡቲም የሚመጡ ባቡሮች እኩል ካረፈዱ፣ የተበላሸው የጣቢያው ሰዓት ነው። አንዱ ብቻ ካረፈደ የራሱ ጣጣ ነው። ሞገዱ ግን ፐልሳሮቹ በሰማይ ላይ እርስ በርስ እንዳላቸው ርቀት የሚለዋወጥ ዝምድና ይተዋል። ይህን ሄሊንግስና ዳውንስ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1983 እ.ኤ.አ. አስልተውት ነበር። ናኖግራቭ 67 ፐልሳሮችን አመሳክሮ ምልክቱን በሰኔ 2015 ዓ.ም. አሳወቀ። አውሮፓውያንና ሕንዶች በጋራ፣ አውስትራሊያውያንና ቻይናውያን ደግሞ በየፊናቸው በዚያው ሰሞን ውጤታቸውን አወጡ። ምንጩ በጥንድ የሚዞሩ ግዙፍ ብላክ ሆሎች ሳይሆኑ አይቀርም።

የዛሬ ልጆች ችኩሎች ናችሁ፤ ሁሉም በቲክቶክ ፍጥነት ይምጣ ትላላችሁ። እርግጥ እኛም ትዕግሥት የምንለው ግማሹ በርጫ ነበር።

ደግሞ 15 ዓመት ጠብቁ አላልኩም። የናኖግራቭ መረጃ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ፒንት የሚባለው መተንተኛ ሶፍትዌርም በነፃ ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሞክር ካለ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ይዞ ወደ ከዚራ ሰፈር ይምጣ፤ ማኪያቶው በእኔ ነው። ከሰዓት ግን አይሆንም፣ ሙቀቱ አያስቀምጥም።