መልስ፦ የኩሽናው ቧንቧ ደህና ነው፣ የሻወሩ ውሃ ግን ቀጥኖ ይንጠባጠባል

ግድግዳውን አታስቆፍር። ኩሽናው ደህና ከወረደ ብዙ ጊዜ የተደፈነው የሻወሩ ጫፍ ነው። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው።

1. ጫፉን በእጅህ ፍታው። እምቢ ካለ በጨርቅ ጠቅልለህ በፒንሳ ያዘው።

2. አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው፣ ቀዳዳዎቹን በመርፌ ክፈት። ለዓመታት ካልተነካ አንድ ሌሊት አይበቃውም፤ አቼቶውን ቀይረህ ድገመው።

3. ከመግጠምህ በፊት ውሃውን ለአፍታ ልቀቀው፣ አሸዋና ዝገቱ ይውጣ። እዚህም ላይ ከቀጠነ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው፤ ያኔ ባለሙያ ጥራ። ደህና ከወረደ የሚጠመዘዘው ጥርሱ ላይ የቴፍሎን ቴፕ ጠምጥመህ ግጠም።

ሙቀቱ ሳይበረታ ሚያዝያ ላይ አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ አንዴ ብታደርገው ይበቃል። ሮቶ ካለህ አብረህ እጠበው፤ ከሥሩ የሚተኛው ደለል ዞሮ ቧንቧህን ነው የሚደፍነው።

አደራ፣ አቼቶውን ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅል። እኔ ቶሎ እንዲለቅልኝ ብዬ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀላቅዬ ጋዙ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፤ ሁለት ቀን ሳስል ነበር። መስኮቱን ክፈት፣ ልጆችንም አርቅ።