መልስ፦ በአጭር ሞገድ 4625 ኪሎኸርዝ ላይ የምሰማው «እዝዝ» የሚል ድምፅ፣ እዚያ ቁጥር ላይ እየደጋገመ የሚጮኸው የሩሲያው ሬዲዮ ጣቢያ ነው ወይስ የቤቴ ጫጫታ?

ሬዲዮውን በባትሪ ድንጋይ አስነሳና የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፋ። «እዝዝ» የሚለው ድምፅ አብሮ ከጠፋ የቤትህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረብሸው ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ወይም የስልክ ቻርጀር ነው።

ካልጠፋ፣ የሬዲዮውን ቁጥር ወዲህ ወዲያ በለው። በየሄድክበት ከተከተለህ የሰፈር ጫጫታ ነው። የሩሲያው ግን 4625 ኪሎኸርዝን አይለቅም። ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በለጥ አድርጎ ይጮኻል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል፤ በደቂቃ 25 ጊዜ ገደማ። አልፎ አልፎ ድንገት ያቋርጥና ሰው በሩሲያኛ ስምና ቁጥር ያነባል። ያንን የሰማህ ሌሊት እንቅልፍ የለም!

ቀን ላይ አትድከም፤ ይህ ሞገድ ከሩቅ የሚደርሰው ከጨለመ በኋላ ነው። ከመብራት ሽቦ ራቅ ብለህ ጣና ዳር ብትሞክረው ደግሞ ልዩነቱን ወዲያው ትሰማዋለህ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለአንቴና ብለህ ጣሪያ ላይ የዘረጋኸውን ሽቦ፣ ክረምት ላይ ከሐይቁ ማዶ ሰማዩ ሲጠቁር ቶሎ ከሬዲዮው ንቀለው። መብረቅ ቤትህን ባይመታም አጠገብህ ከወደቀ ሬዲዮ ያቃጥላል፤ የጓደኛዬ እንዲያ ነው የሄደው። ነጎድጓዱ ከቀረበ ግን ሽቦውን እንዳትነካ፣ ሬዲዮው ይቅር።